በሦስት ፊደል የምትሮጥ ቃል

ከእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ ከባዱን መርጠህ አምጣ የተባለ ተማሪ፣ ከላቲን ወይም ከጽርእ የተቀዳውን፣ ረዥሙንና አንደበት የሚያሰናክለውን ቃል ፈልጎ ያመጣ ይሆናል እንጂ፣ የእንግሊዝ ሕፃን ገና አፉን ሲፈታ ከሚማራቸው ቃላት አንዷን፣ በሦስት የላቲን ፊደል ብቻ የምትጻፈውን «ራን»ን አያመጣም። ነገር ግን ረዥሙ ቃል ብዙውን ጊዜ አንድ ትርጕም ብቻ ይዞ የሚኖር ስለ ሆነ፣ መዝገበ ቃላቱን አንድ ጊዜ ገልጦ ያየው ሰው ዳግመኛ አይቸገርበትም፤ ይህችን ትንሽ ቃል ግን ዐሥር ጊዜ ገልጦ ቢያያት በዐሥራ አንደኛው ጊዜ በማያውቀው መልክ ትመጣበታለች። እኔም በትርጕም ሥራ በቈየሁበት ዘመን እንደ እርስዋ ያስቸገረኝ፣ እንደ እርስዋም ያስተማረኝ ቃል ስለሌለ፣ ሊቃውንቱ ስለ እርስዋ የደረሱበትንና እኔ ራሴ ያየሁትን በአንድነት ሰብስቤ ለአንባቢ ላቀርብ ወደድሁ።

በመጀመሪያ ያስቸገረችኝ ቀን ዛሬም ትዝ ይለኛል። በወጣትነቴ ተቀጥሬ እሠራበት ወደ ነበረው መሥሪያ ቤት ለመስኖ የሚያገለግል የውኃ መሳቢያ ሞተር ከውጭ አገር መጥቶ፣ አብሮት የመጣውን የአጠቃቀም መመሪያ ወደ አማርኛ እንድመልስ ታዘዝሁ። በመመሪያው መጀመሪያ ገጽ በቀይ ቀለም የታተመ አንድ ማስጠንቀቂያ ነበረና፣ «ራን» ማለት ሮጠ ማለት ነው ብዬ በትምህርት ቤት ያጠናሁትን ይዤ፣ «ፓምፑን ደረቁን አታስሩጡት» ብዬ ጻፍሁ፤ በጽሕፈት መኪናም አስመትቼ ሰጠሁ። ሞተሩን የሚተክሉት ሽማግሌ መካኒክ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ወረቀቱን ተቀበሉኝና፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ከዚያም ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ሞተር ይነሣል፣ ይሠራል፣ ይጠፋል እንጂ አይሮጥም፤ ሰዎቹ ምን ሊሉ ፈልገው ነው?» አሉኝ። እኔ ዝም ብዬ በቆምሁ ጊዜ እርሳቸው ጥቂት አሰቡና፣ «ውኃ ሳይሞላበት አታስነሡት ማለታቸው ይሆናል፤ በባዶው ከሠራ የውስጡ ጎማ ይቃጠላልና» ብለው፣ አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል ሳያውቁ ትክክለኛውን ትርጕም ነገሩኝ። «እሺ ጋሼ» ብዬ ወረቀቱን ይዤ ተመለስሁ፤ እንደ ነገሩኝም አድርጌ ጻፍሁት። እኔ ቃሉን አውቄ ነገሩን አላወቅሁትም ነበር፤ እርሳቸው ነገሩን ስላወቁ ቃሉን ማወቅ አላስፈለጋቸውም።

ከዚያ ወዲህ መጻሕፍቱን ሳገላብጥ፣ የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸውም በእነዚህ ትንንሽ ቃላት ብዙ ዘመን እንደ ደከሙባቸው ተረዳሁ። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ዓ.ም. ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ) ሥራውን ያከበዱበት ብርቅና እንግዳ ቃላት ብቻ እንዳልሆኑ፣ ይልቁንም መጣ፣ ሰጠ፣ ሄደ፣ ወሰደ፣ አደረገ፣ ሮጠ እንደሚሉት ያሉ፣ ሰው ሁሉ ሳያስብ የሚናገራቸው ግሦች እንደ ሆኑ አመልክቷል። ከእርሱ በኋላ የፊሎሎጂ ማኅበር በ1857 ዓ.ም. ያሰበው፣ ኋላም የኦክስፎርድ ተብሎ የተጠራው ታላቅ መዝገበ ቃላት በጄምስ መሪ አዘጋጅነት ሲሠራ፣ ከየአገሩ የተነሡ በጎ ፈቃደኞች ካነበቡት መጽሐፍ ሁሉ ምስክር የሚሆነውን ዐረፍተ ነገር በትንንሽ ወረቀት እየገለበጡ ይልኩ ነበር፤ መሪም በግቢው ውስጥ በቈርቈሮ ባሠራው ቤት ተቀምጦ፣ ወረቀቶቹን እያመሳከረና እንደ ትርጕማቸው እየከመረ የቃላቱን ዘር ይቈጥር ነበር። የመጀመሪያው ክፍል በ1884 ዓ.ም. ወጣ፤ መሪ በ1915 ዓ.ም. ዐረፈ፤ ሥራው የተፈጸመው ግን እርሱ ካረፈ ከ13 ዓመት በኋላ በ1928 ዓ.ም. ነው። አንድ ሰው ፍጻሜውን ለማያየው ሥራ ዕድሜውን መስጠቱን ባሰብሁ ቍጥር ገድላችንን በብራና ሲጽፉ የኖሩት ጸሐፍት ይታወሱኛል።

በዚያ መዝገበ ቃላት ውስጥ ለብዙ ዘመን የትርጕም ብዛት አለቃ ሆኖ የኖረው «ራን» አልነበረም፤ «ሴት» ተብሎ የሚነበበውና መነሻ ትርጕሙ አስቀመጠ፣ አኖረ የሆነው ሌላው ግሥ ነበር። በ1989 ዓ.ም. በ20 ጥራዝ በወጣው ሁለተኛ እትም ይህ ግሥ ከ430 በላይ ትርጕም ተቈጥሮለታል። ኋላ ግን መዝገቡ እንደገና ሲታደስ፣ ፒተር ጊሊቨር የተባለው የመዝገበ ቃላቱ ሊቅ «ራን»ን ተቀብሎ፣ 9 ወር ሙሉ ከዚህች አንዲት ቃል ጋራ ከተቀመጠ በኋላ፣ በግሥነትዋ ብቻ 645 ትርጕም አገኘላት፤ ይህም በ2011 ዓ.ም. ተገለጠ። የመዝገቡን ታሪክ የጻፈው ሳይመን ዊንቸስተር ይህን ሲሰማ፣ የሚያኖረው ግሥ በሚሮጠው ግሥ መቀደሙ የዘመኑን መንፈስ የሚያመለክት መሆኑን አስተውሏል፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ፣ ምክንያቱን ግን ከዘመን መንፈስ ይልቅ በሞተርና በባቡር ሐዲድ ላይ እፈልገዋለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር፣ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ራሱ ለሚሮጠው አንድ ግሥ፣ ሌላውን ለሚያስሮጠው ደግሞ ሌላ ግሥ ነበር፤ ከሰሜን ባሕር ማዶ የመጡት የስካንዲናቪያ ሰዎችም ዘመድ የሆነውን የራሳቸውን ግሥ ጨመሩበት፤ በዘመናት ብዛት እነዚህ ሁሉ ተቀላቅለው በአንዲት «ራን» ተጠቃለሉ። በእኛ ዘንድ ይህ አልሆነም። የግእዙ ሮጸ በአማርኛ ሮጠ ሲሆን፣ ሌላውን ለሚያስሮጠው አስሮጠ የሚል የታወቀ መልክ አለውና፣ አድራጊና አስደራጊ፣ ተደራጊ፣ ተደራራጊና አደራራጊ እያሉ አምስቱን አዕማደ ግሥ በቅኔ ቤት ያጠና ሰው የሮጠውንና ያስሮጠውን ሊያምታታ አይችልም። እንግሊዝኛ ግን ሰውየው ሮጠ ባለበት አፍ፣ ምንም ፊደል ሳይጨምር፣ ሰውየው ፈረሱን «ሮጠ» ይላል፤ ይህ በር አንድ ጊዜ ከተከፈተ ደግሞ የሚያስሮጠው ፈረስ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ወፍጮውን፣ ሱቁን፣ ትምህርት ቤቱን፣ በመጨረሻም መንግሥቱን «ይሮጣል»፤ እኛ ያስተዳድራል፣ ይመራል፣ ያካሂዳል የምንለውን ሁሉ ማለት ነው። ከ645ቱ ትርጕም እጅግ የበዛው ከዚህ ከሮጠና ከአስሮጠ መቀላቀል የተወለደ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ታላቅ ዘር የውኃ ነው። ቃሏ ከጥንት ጀምሮ ለሚሮጥ እግር ብቻ ሳይሆን ለሚፈስ ወንዝም ስትነገር ስለ ኖረች፣ እንባም፣ ደምም፣ የቀለጠ ሰምም፣ ጉንፋን የያዘው ሰው አፍንጫም በእንግሊዝኛ «ይሮጣሉ»። ጨርቅ በታጠበ ጊዜ ቀለሙ ወደ ሌላው ልብስ ቢጋባ እኛ ለቀቀ ስንል እነርሱ ሮጠ ይላሉ። ደዌ ወይም ጠባይ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ቢተላለፍ እነርሱ በቤተ ሰቡ ውስጥ «ይሮጣል» ሲሉ፣ እኛ በዘር ይወርዳል እንላለን፤ ሁለቱም ቋንቋ ደምን እንደ ውኃ አይተውታል፣ ነገር ግን እነርሱ ፍሰቱን ሲያዩ እኛ ከላይ ወደ ታች መውረዱን አየን። ከወራጅ ውኃ ደግሞ እይታው ወደማይንቀሳቀሰው ነገር ተሻገረ፤ መንገድ፣ አጥር፣ የተራራ ሰንሰለት «ይሮጣል» ይባላል፤ ተራራው ከቦታው ሳይነቃነቅ የተመልካቹ ዓይን በላዩ ስለሚሄድ ነው። እኛ ለዚህ ይዘልቃል የሚል ያማረ ቃል አለን። ለጊዜም እንዲሁ ነው፤ ውል ለ5 ዓመት «ይሮጣል»፣ ይኸውም ይጸናል ማለት ነው፤ ቴአትርም እየታየ የሚቈይበት ዘመን ሩጫው ይባላል። አጋታ ክሪስቲ የደረሰችው «የአይጥ ወጥመድ» የተባለው ቴአትር በለንደን በ1952 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ በ2020 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ቴአትር ቤቶች እስኪዘጉ ድረስ ሳይቋረጥ ስለ ታየ፣ የዚህ የቃሏ ትርጕም ታላቅ ምሳሌ እርሱ ነው።

ሦስተኛው ዘር፣ እኔን በወጣትነቴ ያስቸገረኝ፣ የሞተር ዘር ነው። በሰረገላ ዘመን ከከተማ ወደ ከተማ የሚመላለሰው የመንገደኛ ሰረገላ ስለሚሮጥ፣ ቃሏ ከፈረሱ ወደ ጉዞው መርሐ ግብር ተላለፈች፤ በ1830 ዓ.ም. በሊቨርፑልና በማንቸስተር መካከል የባቡር ሐዲድ በተከፈተ ጊዜም ፈረስ የሌለበት ባቡር የፈረሱን ግሥ ወረሰ። በባቡሩ ያለው የእንፋሎት ሞተር «ከሮጠ»፣ በፋብሪካ ውስጥ ከመሠረቱ ጋራ ታስሮ የሚሠራው ሞተርም «መሮጡ» አልቀረም፤ ከሞተሩም ወደ ሰዓት፣ ከሰዓት ወደ ማቀዝቀዣ፣ በመጨረሻም ወደ ኮምፒዩተር ተሻገረች። እንግዲህ ያ ቀይ ማስጠንቀቂያ ከሁለት መቶ ዓመት ያህል ታሪክ በኋላ የደረሰ ቃል ነበር፤ እኔ ግን ፈረሱ ያለበትን የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አውቄ ነበር።

አንዳንዱ ትርጕም ደግሞ ከሩጫው ፈጽሞ ተለይቶ ብቻውን ይኖራል። በክሪኬት ጨዋታ ሁለቱ ተጫዋቾች 22 ያርድ በሚርቁት እንጨቶች መካከል አንድ ጊዜ ተሻግረው ቦታ ሲለዋወጡ አንድ «ራን» ተቈጠረ ይባላል፤ ነጥቡ ስሙን ያገኘው በእርግጥ ስለሚሮጡ ነው። ነገር ግን የተመታችው ኳስ መሬት ለመሬት ሄዳ የሜዳውን ወሰን ካለፈች ማንም አንድ እርምጃ ሳይራመድ 4 «ራን» ይሰጣል፤ ሳትነጥር በአየር ላይ እንዳለች ካለፈች ደግሞ 6። ሯጩ ቆሞ ሩጫው ይቈጠርለታል። የባንኩ «ራን» ግን እውነተኛ ሩጫ ነው፤ ባንኩ ሊወድቅ ነው የሚል ወሬ የሰማ ሕዝብ ገንዘቡን ለማውጣት ወደ በሩ ሲሽቀዳደም ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሥልጣን በያዘ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 6 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ ያሉት ባንኮች ሁሉ ለጥቂት ቀናት እንዲዘጉ አዘዘ። የዚህን ታሪክ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የሚተረጕም ሰው «በባንኮች ላይ ሩጫ ነበር» ብሎ ቢጽፍ አንባቢው ምን ያያል? ሕዝቡ ገንዘቡን ሊያወጣ ተሻማ ቢል ግን ሰልፉ፣ ግፊያውና የተዘጋው በር ሁሉ በዓይኑ ፊት ይመጣሉ።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው በዚህች ቃል የማይስማሙበት ቦታ መኖሩ ነው። ለፓርላማ የሚወዳደር እንግሊዛዊ በቋንቋው ለምርጫ «ይቆማል»፤ አሜሪካዊው ግን ለዚያው ዐይነት ሥልጣን «ይሮጣል»። የሴት ካልሲ ክሩ ተተርትሮ መሥመር ሲያወጣ እንግሊዛዊቱ መሰላል ሆነ ስትል አሜሪካዊቱ ሮጠ ትላለች። በእኛ ዘንድ የምርጫው እጩ አይቆምም፣ አይሮጥምም፤ ይወዳደራል፤ ይህ ግሥ ደግሞ የሯጮችን ሽቅድድም ውድድር ብለን የምንጠራበት ስለ ሆነ፣ ሳናስበው በሌላ በር ገብተን ከአሜሪካዊው ጋራ ተገናኝተናል። እነርሱ ደግሞ ከግሡ ኋላ ትንንሽ መስተዋድድ እየቀጠሉ ትርጕሙን ይለዋውጡታል፤ አንዱን ሲቀጥሉ አለቀ፣ ሌላውን ሲቀጥሉ አጋጠመ፣ ሌላውን ሲቀጥሉ በመኪና ገጨ፣ ሌላውን ሲቀጥሉ ኰበለለ ይሆናል። የእኅቴ ልጅ በዋሽንግተን በአንድ ሱቅ ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ቀን፣ የሥራ አለቃዋ ወተቱ «ሮጦ ወጣ» አላት፤ እርስዋም የፈሰሰ ወተት መስሏት መጥረጊያ ፈልጋ መጣች። የተባለችው ወተት ስላለቀ ከመጋዘን እንድታመጣ ነበር። ማታ በስልክ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አንደኛ ትወጣ የነበረች ልጅ ናትና። ጥፋቱ የእርስዋ አልነበረም፤ ቃልን ከነ ባልንጀራው ሳይሆን ለብቻው የምናስጠናበት የእኛ ልማድ ጥፋት ነበር።

ይህን ያህል ስናገር ግን አንባቢ እንግሊዝኛ ብቻውን እንዲህ ያለ ቋንቋ ነው ብሎ እንዳይደመድም እፈራለሁ። ገባ የሚለውን የራሳችንን ግሥ እንይ። ሰው ወደ ቤቱ ይገባል፤ ፀሓይ ማታ ትገባለች፤ ክረምትም ዐዲስ ዓመትም ይገባል፤ የነገር ምሥጢር ለአስተዋይ ሰው ይገባል። ቃል የገባ ሰው ወደ የትም አልገባም፤ ዋስ የገባም፣ ስእለት የገባም፣ ዕቁብ የገባም እንዲሁ። ግራ የገባው ሰው ግራው የገባበት በየት በኩል ነው? ምስጋና ይገባዋል ስንልና መሄድ ይገባሃል ስንል ደግሞ ግሡ ከእንቅስቃሴ ወጥቶ የሥርዐትና የግዴታ ቃል ሆኗል። አማርኛ የሚማር እንግሊዛዊ በዚህ ግሥ ፊት ሲቆም እኔ በዚያ ማስጠንቀቂያ ፊት የሆንሁትን ይሆናል፤ እኛ ግን በቋንቋው ውስጥ ስለ ተወለድን ብዛቱን ከቶ አንቈጥረውም።

ደግሞም የእኛ አገር አንባቢ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራን አንዱን ንባብ ከተረጐሙ በኋላ አንድም ብለው ሌላ ምሥጢር፣ ደግሞ አንድም ብለው ሦስተኛ ሲያመጡ ያደገ ሰው፣ አንድ ቃል ብዙ ፍች ቢሸከም አይደነግጥም። ልዩነቱን ግን ማስተዋል ያስፈልጋል፤ በአንድምታ የሚመጡት ምሥጢራት በአንዱ ንባብ ላይ በአንድነት ጸንተው ይቆማሉ፣ በቅኔም ኅብረ ቃል ሁለቱን ትርጕም በአንድ ጊዜ ይዞ ያጌጣል፤ «ራን» ግን 645 ትርጕም ቢኖራትም በአንዱ ዐረፍተ ነገር ውስጥ እንደ ልማዱ አንዱን ብቻ ይዛ ትመጣለች፤ የትኛውን እንደያዘችም የሚነግሩን ከፊትዋና ከኋላዋ ያሉት ባልንጀሮችዋ ናቸው። ሞተር ካለ ሠራ፣ ወንዝ ካለ ፈሰሰ፣ ጋዜጣና ወሬ ካሉ አወጣ፣ ትኩሳት ካለ ያዘው።

ለእኛ ቋንቋ ይህን ሥርዐት ተከትሎ ከተሠሩት መጻሕፍት አንዱ ቮልፍ ሌስላው በ1973 ዓ.ም. ያሳተመው የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ነው። ይህ ሊቅ ለእንግሊዝኛው ቃል የአማርኛ ፍች ደርድሮ አላለፈም፤ ቃሉ የሚገኝበትን ዐረፍተ ነገር እየሰጠ፣ ያንኑ ዐረፍተ ነገር ሙሉውን በአማርኛ መለሰው፤ ስለዚህ መጽሐፉን የገለጠ ሰው ቃሉን ከነ ባልንጀሮቹ ያገኘዋል። ብዙ መዝገበ ቃላት በቤቴ አሉ፤ ጀርባው እስኪላላ ድረስ የገለጥሁት ግን ይህን ነው። በትምህርት ቤቶቻችን አንዱን የእንግሊዝኛ ቃል ከአንድ የአማርኛ ቃል ጋራ በእኩል ምልክት አጋጥሞ በደብተር ማስጻፍ ቀርቶ በዚህ መንገድ ቢሠራ፣ ልጆቻችን በባዕድ አገር ሱቅ ውስጥ መጥረጊያ ይዘው አይቆሙም ነበር።

ስለ አማርኛው ወገን አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዝኛ በሚሮጥበት ቦታ አማርኛ ብዙ ጊዜ ይሄዳል። ሥራው እንዴት ይሄዳል እንላለን፤ የመሥሪያ ቤት በጀት ሲደለደል ለየዕለቱ ሥራ የሚመደበውን ገንዘብ እንግሊዝኛው የመሮጫ ወጪ ሲለው እኛ ሥራ ማስኬጃ እንለዋለን፤ ስብሰባም ይካሄዳል። በጊዜም ላይ እንዲሁ ነው፤ እነርሱ «በረዥሙ ሩጫ» የሚሉትን እኛ ውሎ አድሮ እንላለን፤ ነገሩ ጊዜውን ጠብቆ የሚደርሰው ቀን እየዋለ ሌሊት እያደረ ነውና። ይህን መሄድንና ውሎ ማደርን አባቶቻችን ሲናገሩበት ኖረው የሰጡን ስለ ሆነ፣ ተርጓሚ ከእንግሊዝኛው ጋራ ለመሮጥ ብሎ ሊጥለው አይገባም እላለሁ።

አሁን ቃሏ ራስዋ፣ ሳትተረጐም፣ ወደ አማርኛ ገብታለች። በቅርቡ የኮምፒዩተር ሥራ የሚሠራ አንድ ወጣት ጎረቤቴ፣ ጽሑፌን የሚያትምልኝ መሣሪያ እምቢ ስላለ ሊያስተካክልልኝ መጥቶ፣ ጥቂት ከነካካ በኋላ፣ «ፕሮግራሙን ራን አድርጌዋለሁ፣ አባባ፤ ትንሽ ይጠብቁ» አለኝ። ራን ማድረግ የምትለው በአማርኛ ቢሆን ምን ትለው ነበር ብዬ ጠየቅሁት። እጁን ከመሣሪያው ላይ አንሥቶ ወደ መስኮቱ እየተመለከተ ዝም አለ፤ በጓደኞቹ መካከል በሌላ ቃል ሲጠራ ሰምቶት አያውቅም ነበርና። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አስኬድሁት» አለ።